በመከላከል ጥበብ የተካነን ቦክሰኛ እንዴት እንመዝናለን? ከፐርኔል ዊተከር ፍልሚያዎች ጋር የቀረበ ዝርዝር መመሪያ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1993 ምሽት፣ በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት በምትገኘው ሳን አንቶኒዮ ከተማ፣ አላሞዶም በተባለው ግዙፍ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ቦክሰኞች 12 ዙር ተፋለሙ። አንደኛው እስከዚያች ምሽት ድረስ በክብረ ወሰኑ ላይ 87 ድል ተመዝግቦለት አንድም ሽንፈት ያልነበረበት ሜክሲኮአዊው ሁሊዮ ሴዛር ቻቬዝ ሲሆን፣ ሌላኛው የቨርጂኒያው ግራኝ ፐርኔል ዊተከር ነበር። የመጨረሻው ደወል ከተደወለ በኋላ አንዱ ዳኛ 115 ለ113 ለዊተከር ሲሰጥ፣ ሁለቱ ደግሞ 115 ለ115 ብለው በመጻፋቸው ውጤቱ አቻ ተባለ። ያንን ፍልሚያ ዊተከር አላሸነፈም ብሎ በሙሉ ልብ የሚከራከር የቦክስ ሰው ግን ዛሬም ድረስ እንደ ልብ አይገኝም።

በመድረኩ ዳር ተቀምጠው ነጥብ የሚሰጡ ባለሙያዎች እንኳ እንዲህ ሊለያዩ የቻሉበት ምክንያት ከራሱ ከመከላከል ባሕርይ የሚመነጭ ነው። ያረፈ ቡጢ ድምፅ አለው፤ ላብ ይረጫል፣ ራስን ያነቃንቃል፣ ተመልካችንም ከወንበሩ ያስነሣል። የሳተ ቡጢ ግን አየር ቀዝፎ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚታይ ምልክት የለውም። ስለዚህ በመከላከል የላቀ ቦክሰኛ ሥራው የሚለካው ባልተከሰተ ነገር ነው፤ ያልተከሰተን ነገር ለይቶ ለማየት ደግሞ ዓይንን ማሠልጠን ያስፈልጋል። የሚከተለው መመሪያ ቦክስ ለሚወድና አንድን ቦክሰኛ «ጎበዝ ተከላካይ ነው» ከማለቱ በፊት ማስረጃውን በእጁ መያዝ ለሚፈልግ ተመልካች የቀረበ ነው። የሚያስፈልጉት ነገሮች የፍልሚያው ሙሉ ቪዲዮ፣ ማስታወሻ ደብተር፣ እርሳስና አንድ ወረቀት ናቸው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት እኔ ማንኛውንም ፍልሚያ ስመለከት ከእጄ የማላወጣውን ጥያቄ ላስቀምጥ፦ ቡጢው ከሳተ በኋላ ቦክሰኛው የት ቆሟል? ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ይህንን ጥያቄ በትክክል ለመመለስ የሚያዘጋጁ ናቸው።

አንደኛ ደረጃ፦ ፍልሚያዎቹን መምረጥ

በኢንተርኔት የሚዘዋወሩትን የተቆራረጡ ምስሎች ይተዉ። እነዚያ ምስሎች አንድ ቦክሰኛ በሙያ ዘመኑ ሁሉ ያደረጋቸውን ድንቅ ማምለጫዎች በሦስት ደቂቃ ውስጥ አጭቀው ስለሚያሳዩ፣ በየመካከሉ የተመታባቸውን ጊዜያት ደብቀው ማንንም ሰው ሊቅ ያስመስሉታል። ከመጀመሪያው ደወል እስከ መጨረሻው ያልተቆረጠ ፍልሚያ ያስፈልጋል፤ እርሱም ቢያንስ ሦስት ዓይነት መሆን አለበት። አንዱ ቦክሰኛው ያለ ችግር የበላይ የሆነበት፣ ሁለተኛው በዘመኑ ከነበሩት ኃይለኛ አጥቂዎች አንዱን የገጠመበት፣ ሦስተኛው ደግሞ ዕድሜው ገፍቶ ወይም ተቸግሮ የታየበት ይሁን። ለዊተከር ብንመርጥ የመጀመሪያው በፌብሩዋሪ 1989 ከግሬግ ሃውገን የዓለም ሻምፒዮንነትን ቀበቶ የወሰደበት፣ ሁለተኛው የቻቬዝ፣ ሦስተኛው በኤፕሪል 1997 በኦስካር ዴ ላ ሆያ በነጥብ የተሸነፈበት ይሆናል።

ቪዲዮውን ሲከፍቱ ድምፁን ያጥፉት። ይህ ቀላል የሚመስል ምክር ከሁሉም በላይ ይጠቅማል። በሳን አንቶኒዮ አዳራሹን የሞላው ሕዝብ በአብዛኛው የቻቬዝ ደጋፊ ስለነበር፣ የእርሱ ቡጢ በዊተከር ክንድ ላይ ሲያርፍም ሆነ በራሱ ላይ አልፎ ሲሄድ ጩኸቱ አንድ ዓይነት ነበር። የተንታኞች ንግግርም እንዲሁ ነው፤ ጆሮ የሰማውን ዓይን አየሁ ይላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዩ ምንም ሳይጽፉ በተለመደው ፍጥነት ይመልከቱ፤ በአንድ ጊዜ እግሩንም፣ እጁንም፣ ራሱንም ልመዝን ያለ ሰው ዓይን አዋጅ ይሆንበትና አንዱንም ሳያይ ይቀራል።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ከቦክሰኛው በፊት ተጋጣሚውን መመዘን

መከላከል ለተሰነዘረ ጥቃት የሚሰጥ ምላሽ ስለሆነ፣ ጥቃቱ ደካማ ከሆነ ምላሹ ምንም አያሳይም። ዘገምተኛና ደካማ ተጋጣሚን ማሳት ብዙ ቦክሰኞች የሚችሉት ነገር ነው። ስለዚህ ከዋናው ፍልሚያ በፊት የተጋጣሚውን አንድ ሌላ ፍልሚያ ይመልከቱና ሦስት ነገሮችን ይጻፉ፦ ዋና መሣሪያው የትኛው ቡጢ ነው? ሰውን ወደ ገመድ የሚገፋው እንዴት ነው? በአንድ ዙር ውስጥ ምን ያህል ቡጢ ይሰነዝራል? ቻቬዝን በተመለከተ መልሱ ግልጽ ነው። በግራ እጁ ታጥፎ ወደ ጉበት የሚገባው ሁክ የብዙዎችን ጉልበት ያፈሰሰ ነበር፤ ተጋጣሚውን ሲከተልም ከኋላው እየሮጠ ሳይሆን መንገዱን በሰያፍ እየቆረጠ፣ መድረኩን እያጠበበ ነበር። እንግዲህ ዊተከርን ስንመዝን የምንጠይቀው ያ የግራ ሁክ በ12 ዙር ውስጥ ስንት ጊዜ በንጽሕና አረፈ የሚለውን ነው።

በዚህ ደረጃ ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገር አለ። ትልቅ ተከላካይ ቡጢን ከማሳት አልፎ ቡጢው ጭራሽ እንዳይሰነዘር ያደርጋል። በሜይ 2 ቀን 2015 ፍሎይድ ሜይዌዘር ማኒ ፓኪያኦን ባሸነፈበት ፍልሚያ፣ ቡጢ የሚቆጥረው ኮምፒዩቦክስ ፓኪያኦ 429 ሰንዝሮ 81 ብቻ እንዳሳረፈ መዝግቧል። ሰዎች የሚጠቅሱት 81 የሚለውን ቁጥር ነው፤ እኔን የሚገርመኝ ግን 429ኙ ነው። ይኸው ሰው በ2010 አንቶኒዮ ማርጋሪቶን ሲገጥም በ12 ዙር ከ1,000 በላይ ቡጢ ሰንዝሮ ነበር። የመልስ ምት የሚፈራ ሰው እጁን ይሰበስባል፤ ስለዚህ ተጋጣሚው ለመሰንዘር ተዘጋጅቶ፣ ትከሻውን አንቀሳቅሶ፣ ከዚያ የተወባቸውን ጊዜያት በደብተርዎ ላይ ነጥብ እያደረጉ ይቁጠሩ። ኮምፒዩቦክስም ቢሆን በመድረኩ ዳር የተቀመጡ ሰዎች ቁልፍ እየተጫኑ የሚቆጥሩት ስለሆነ፣ ከራስዎ ዓይን ጋር ያነጻጽሩት እንጂ እንደ መጨረሻ ቃል አይውሰዱት።

ሦስተኛ ደረጃ፦ እግር

የሜይዌዘርና የፓኪያኦ ፍልሚያ በላስ ቬጋስ የቅዳሜ ምሽት ሲሆን በአዲስ አበባ የእሑድ ማለዳ ነበር። እኛ በአንድ ወዳጃችን ቤት ተሰብስበን ስናይ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሰው «ይኼ ሯጭ ነው እንጂ ቦክሰኛ አይደለም» እያለ ያማርር ነበር። በወጣትነታቸው ቦክስ የሠሩ አንድ ጎረቤት ግን ዝም ብለው ሲያዩ ቆይተው፣ ፍልሚያው አልቆ ድጋሚ መታየት ሲጀምር ከተቀመጡበት ተነሥተው በጋቢያቸው ጫፍ የቴሌቪዥኑን የላይኛውን ግማሽ ጋረዱት። «ኧረ ጋሼ፣ ይግለጡልን!» ብንልም «አንድ ዙር ብቻ ታገሡኝ፤ እግሩን እዩ» አሉን። በዚያ ዙር ከወገብ በታች ብቻ ስናይ ያስተዋልነው ነገር የሚሸሽ ሰው እግር የሚመስል አልነበረም፤ ሜይዌዘር የሚንቀሳቀሰው በግማሽ ጫማ ልክ ነበር፤ ፓኪያኦ ግን እርሱ ጋ ለመድረስ ሁለት ሦስት እርምጃ ያወጣ ነበር።

እኔም ከዚያ ወዲህ በጋቢ ፋንታ ወረቀት እጠቀማለሁ። የማያ ገጹን የላይኛውን ግማሽ በወረቀት ይሸፍኑና ሁለት ዙር፣ አንዱን ከመጀመሪያዎቹ ሌላውን ከመጨረሻዎቹ መርጠው፣ እግር ብቻ ይመልከቱ። የፕሮፌሽናል ቦክስ መድረክ በገመዶቹ መካከል ያለው ስፋት አብዛኛውን ጊዜ ከ16 እስከ 20 ጫማ፣ ማለትም ከ5 እስከ 6 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ጠባብ ቦታ ላይ 36 ደቂቃ ሙሉ መሮጥ አይቻልም፤ ስለዚህ የእግር ጥበብ ማለት ርቀትን በትንሽ ወጪ መቆጣጠር ማለት ነው።

ሊታዩ ከሚገባቸው ነገሮች አንዱ የእግሮቹ ስፋት ነው። ቦክሰኛው ወደ ጎን ሲሄድ እግሮቹ ይነባበራሉ ወይስ በትከሻው ልክ እንደተራራቁ ይቆያሉ? እግሩ በተነባበረበት ቅጽበት የተመታ ሰው ቡጢው ቀላል ቢሆንም ይወድቃል። ከዚህ ቀጥሎ የፊት እግር አቀማመጥ ይመጣል። ግራኝ ቦክሰኛ ቀኝ እጁን ከኋላ ከሚያደርግ ቦክሰኛ ጋር ሲጋጠም የሁለቱ የፊት እግሮች ፊት ለፊት ይገናኛሉ፤ የራሱን የፊት እግር ከተጋጣሚው የፊት እግር በውጭ በኩል ያሳረፈው ሰው ለኋላ እጁ ቀጥተኛ መንገድ ሲያገኝ፣ ተጋጣሚው ግን ለመምታት ሰውነቱን ማዞር ይኖርበታል። ይህ ትግል በእያንዳንዱ ዙር በደርዘን ለሚቆጠር ጊዜ የሚካሄድ ሲሆን፣ ዊተከር ከፊቱ ቆሞ ሳለ ድንገት ከተጋጣሚው ጎን፣ አንዳንዴም ከጀርባው የሚገኝበት ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። በፊት እግሩ ላይ ተመሥርቶ ዞር ሲል ተጋጣሚው ባዶ ቦታ እየመታ ይቀራል።

የገመዱ ነገርም አለ። የቦክሰኛው ጀርባ ገመዱን በነካ ቁጥር ምልክት ያድርጉና አጠገቡ «ተገፍቶ» ወይም «ወድዶ» ብለው ይጻፉ። ወድዶ የሄደ ሰው እዚያ ከመድረሱ በፊት መውጫውን መርጧል፤ ተገፍቶ የሄደ ግን ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይወጣል፣ እርሱንም ጎበዝ አጥቂ በሦስተኛው ዙር ያውቅበታል።

በእግር ጥበቡ ስሙ የሚነሣው ሌላው ሰው 229 ፍልሚያ ያሸነፈው አሜሪካዊው ዊሊ ፔፕ ነው። በ1946 ከጃኪ ግሬቭስ ጋር ሲጋጠም አንድም ቡጢ ሳይሰነዝር አንድ ዙር አሸነፈ እየተባለ ይነገርለታል። ይህ ታሪክ እውነት ይሁን ተረት ዛሬም ያከራክራል፤ ይሁንና ሰው ሊያምነው መቻሉ ራሱ ስለ ፔፕ እግሮች የሚናገረው ነገር አለ።

አራተኛ ደረጃ፦ ራስና ወገብ

ወረቀቱን ያንሡ፤ አሁን ከወገብ በላይ ያለውን በዝግታ ይመልከቱ። ቡጢን በራስ እንቅስቃሴ ማሳለፍ በአራት መንገድ ይከናወናል፦ ራስን ለቀጥተኛ ቡጢ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ገለል ማድረግ፣ ከሚታጠፍ ሁክ ሥር በጉልበት ዝቅ ብሎ በሌላው በኩል መውጣት፣ ወገብን ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ ቡጢው እንዲያጥር ማድረግ፣ እንዲሁም ቡጢው ሲደርስ ከአቅጣጫው ጋር አብሮ በመዞር ኃይሉን ማብረድ ናቸው። ዊተከር አራቱንም ያውቅ ነበር፤ ይበልጥ የሚታወቀው ግን ዝቅ በማለቱ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ጉልበቱን እጅግ ከማጠፉ የተነሣ ራሱ ከተጋጣሚው ወገብ በታች ይወርድ ነበር።

እዚህ ላይ ጀማሪ ተመልካች የሚሳሳተው ትልቁን እንቅስቃሴ ማድነቁ ነው። የቡጢው ስፋት አንድ ጓንት ያህል ከሆነ ራስ መንቀሳቀስ ያለበትም አንድ ጓንት ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ የሆነው ሁሉ ጉልበት ማባከንና ከመምቻ ርቀት መውጣት ነው። በዝግታ ሲያዩ ጓንቱ ጆሮውን ታክኮ ካለፈና የቦክሰኛው ዓይን ከተጋጣሚው ደረት ላይ ካልተነሣ፣ እርሱ ጥበብ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ወይም ወደ ወለል አቀርቅሮ ከሆነ ግን ቡጢው ቢስትም ዕድል ረድቶታል ብለው ይጻፉ። ከዚሁ ጋር የእንቅስቃሴውን ምት ይከታተሉ። ሁልጊዜ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ፣ እንደገና ወደ ቀኝ የሚል ሰው እንደ ሰዓት ፔንዱለም ነው፤ በአምስተኛው ዙር ተጋጣሚው ጊዜውን ጠብቆ ይቀበለዋል።

በዚህ ረገድ የአርጀንቲናው ኒኮሊኖ ሎቼ ጽንፍ የያዘ ምሳሌ ነው። በዲሴምበር 1968 ቶኪዮ ላይ ሻምፒዮኑን ፖል ፉጂን ሲገጥም፣ ፉጂ የሚመታው ነገር አጥቶ ሲዳክር ቆይቶ ለአሥረኛው ዙር ከወንበሩ ሳይነሣ ቀረ። ሎቼ ካሸነፋቸው 117 ፍልሚያዎች በዝረራ ያለቁት 14 ብቻ ነበሩ። በተቃራኒው ደግሞ ወጣቱን ማይክ ታይሰንን ያስቡ። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ቡጢውን ቢሆንም፣ በ1986 በ20 ዓመቱ ሻምፒዮን እንዲሆን ያበቃው ሁለቱን እጆቹን ጉንጩ ላይ አድርጎ፣ ራሱን ሳያቋርጥ እያወዛወዘ፣ ከረዣዥም ሰዎች ጃብ (በፊት እጅ የሚሰነዘር ቀጥተኛ ቡጢ) ሥር እያለፈ ወደ ፊት መግባቱ ነበር። ስለዚህ መከላከል ሲባል ማፈግፈግ ብቻ የሚታየው ተመልካች የታይሰንን የመጀመሪያ ዓመታት በዚህ ዓይን መልሶ ቢያይ ይጠቅመዋል።

አምስተኛ ደረጃ፦ እጅና ትከሻ

የእጅ መከላከል ሲመዘን የሚጠየቀው ጓንቱ ቡጢውን ነካው ወይም አልነካው አይደለም፤ ከነካው በኋላ የትኛው እጅ ነጻ ሆኖ እንደቀረ ነው። ሁለት እጁን ፊቱ ላይ ዘግቶ የሚቀበል ሰው ፊቱን ያድናል፤ ነገር ግን ለዚያች ቅጽበት ሁለቱም እጆቹ ታስረዋል፣ ጎኑም ክፍት ነው። በአንድ እጅ መዳፍ ጃብን ገሸሽ አድርጎ በሌላው የሚመታ ሰው ከእርሱ በብዙ የተሻለ ነው።

በትከሻ መከላከልን በቅርብ ለማየት የሜይዌዘርን አቋም በአንድ ቅጽበት አስቁመው ይመርምሩ። የግራ ትከሻው ወደ ላይ ተነሥቶ አገጩን ሸፍኗል፤ የግራ ክንዱ በሆዱ ላይ አግድም ተኝቷል፤ ቀኝ ጓንቱ በቀኝ ጉንጩ አጠገብ ተከፍቶ ይጠብቃል። ተጋጣሚው ቀኙን ሲወረውር ትከሻው ትንሽ ወደ ውስጥ ስለሚዞር ቡጢው በትከሻው ላይ ተንሸራቶ ያልፋል፤ ያው ትከሻ ወደ ቦታው ሲመለስ ደግሞ ቀኝ እጁን እንደ ወንጭፍ ይለቅቀዋል። በአንድ እንቅስቃሴ ውስጥ መከላከልም ማጥቃትም አለ። ይህ አቋም እንከን የለሽ ነው ማለት ግን አይደለም። ግራ እጅ ዝቅ ብሎ ስለሚቆም ለፈጣን ጃብ ክፍት ነው፤ ከላይ እንደ መጥረቢያ የሚወርድ ቀኝ ቡጢም ይከብደዋል፣ በሜይ 2014 ማርኮስ ማይዳና ገመድ ላይ አስጠግቶ ያንኑ ሲሞክር ሜይዌዘር መቸገሩ ታይቷል። መዛኙ ቦክሰኛው የሚጠቀምበት አቋም የት ላይ ክፍት እንደሆነ ማወቅና፣ ያ ክፍተት ሲፈተን ምን እንዳደረገ መመዝገብ አለበት።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ቡጢው ካለፈ በኋላ ያለችው ሰኮንድ

አሁን ወደ ጥያቄያችን ደርሰናል። አንድ ዙር ይምረጡ፤ ተጋጣሚው ቡጢ በሰነዘረ ቁጥር ቪዲዮውን አስቁመው፣ ቡጢው ካለፈ በኋላ ያለችውን አንድ ሰኮንድ ብቻ ይመልከቱና ከሚከተሉት ፊደሎች አንዱን ይጻፉ። ቡጢውን አሳልፎ ወዲያው በንጽሕና ከመታ «ሀ»፤ ለመምታት በሚችልበት ቦታና ሚዛን ላይ ሆኖ ሳይመታ ከቀረ «ለ»፤ ሳይነካ ቢያመልጥም ከመምቻ ርቀት ውጪ ከሄደ «ሐ»፤ አምልጦ ሚዛኑን ካጣ ወይም ቀጣዩን ቡጢ ማየት ካልቻለ «መ»፤ ከተመታ «ሠ»። የአንድ ዙር ምዝገባ ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ ቢሆንም አንድ ዙር በዚህ መንገድ ያየ ሰው 12 ዙር በተለመደው ፍጥነት ካየው ይልቅ ስለ ቦክሰኛው ብዙ ያውቃል።

ይህን ሲያደርጉ በጥሩና በታላቅ ተከላካይ መካከል ያለው ልዩነት በግልጽ ይወጣል። የጥሩ ተከላካይ ደብተር በ«ሐ» የተሞላ ነው፦ ቡጢ አያርፍበትም፣ እርሱም ቡጢ አያሳርፍም፤ ነገሩ ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ ይሆናል። አሳሳቹ ደግሞ «መ» ነው፤ በተለመደው ፍጥነት ሲታይ እጅግ የሚያምረው ማምለጫ ብዙውን ጊዜ በዝግታ ሲታይ «መ» ሆኖ ይገኛል። ታላቁ ግን «ሀ» እና «ለ» ያበዛል። እኔ «ለ»ን እንደ «ሐ» ከሚቆጥሩት ጋር አልስማማም፤ መምታት የሚችል ሆኖ በመቆሙ ብቻ ተጋጣሚው ሁለተኛውን ቡጢ እንዳይሰነዝር አድርጎት ሊሆን ይችላልና።

ለዚህ ልምምድ የቻቬዝን ፍልሚያ ሁለተኛ አጋማሽ የሚያህል ጥሩ ማስተማሪያ አላውቅም። ሁሉም ሰው ዊተከር ከርቀት በጃብ እየነካ ይዞራል ብሎ ሲጠብቅ፣ እርሱ ግን ቻቬዝ ንጉሥ ወደነበረበት ወደ ቅርብ ርቀት ራሱ ገባ። ግንባሩንና ትከሻውን ከቻቬዝ ትከሻ ጋር አጣብቆ፣ የዚያ አደገኛ የግራ ሁክ መወርወሪያ የሚሆን ቦታ በማሳጣት፣ በራሱ ግራ እጅ ሆዱን ይመታው ነበር። ከሩቅ የሚያይ ሰው ሁለት ሰዎች ተደግፈው የቆሙ ይመስለዋል፤ ፊደሎቹን እየጻፈ የሚያይ ግን ቻቬዝ አንድ እጁን ለማስለቀቅ ሲታገል ዊተከር የትኛውን ጎን እንደሚመታ መርጦ መጨረሱን ያያል።

ሰባተኛ ደረጃ፦ መያዝና ተንኮል

ተጋጣሚን አቅፎ መያዝም የመከላከል አካል ነው፤ ነገር ግን በየትኛው ጊዜ እንደዋለ ይታይ። አንድ ጊዜ ተመትቶ ለመተንፈስ የያዘና ከእያንዳንዱ ጥቃት በኋላ የሚይዝ አንድ አይደሉም፤ የኋለኛው ሌላ መልስ አልቆበታል ማለት ነው። ዊተከር በዚህ በኩል ቅዱስ አልነበረም፤ በ1987 የፍሎይድን አጎት ሮጀር ሜይዌዘርን ሲገጥም ከጀርባው ተገኝቶ ቁምጣውን ወደ ታች ጎትቶበታል። ሕዝቡ ሳቀ፤ በነጥብ መስጫው ላይ ግን የሚጨምረው ነገር የለም።

ስምንተኛ ደረጃ፦ ሲመታና ሲያረጅ

የማይመታ ቦክሰኛ የለም። ስለዚህ የመከላከል አቅሙ በሙላት የሚታየው በተመታበት ቅጽበት ነው። በሜይ 2010 ሼን ሞዝሊ በሁለተኛው ዙር በቀኝ እጁ ሜይዌዘርን መትቶ ጉልበቱን አንቀጥቅጦት ነበር። ሜይዌዘር የመጀመሪያ ሥራው የሞዝሊን እጅ መያዝ ነበር፤ ራሱን እስኪሰበስብ ታገሠ፤ በቀጣዩ ዙር ደግሞ ከመራቅ ይልቅ ወደ ፊት መሄድ ጀመረ። ዳኞቹ በመጨረሻ 119 ለ109፣ 119 ለ109 እና 118 ለ110 ብለው ሰጡት። እንዲህ ያለውን ቅጽበት ሲያገኙ ከመመታቱ እስከ ዙሩ መጨረሻ ያለውን ሦስት ጊዜ ደጋግመው ይዩት፤ ምክንያቱም የተማረው ነገር ከደሙ ጋር የተዋሐደና ያልተዋሐደ የሚለየው እዚያ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዙሮች ከመጨረሻዎቹ ሦስት ጋር ያነጻጽሩ፤ ከተቻለም የ25 ዓመቱን ቦክሰኛ ከ33 ዓመቱ ጋር። ጥያቄው መከላከሉ የቆመው በተፈጥሮ ፍጥነት ላይ ነው ወይስ በቦታ አያያዝ ላይ የሚል ነው። ሮይ ጆንስ ጁኒየር እጆቹን ጥሎ፣ ራሱን ሳይሸፍን፣ በፍጥነቱ ብቻ ለዓመታት ሳይነካ ኖሯል፤ በ2004 በ35 ዓመቱ ግን አንቶኒዮ ታርቨር በአንድ የግራ ቡጢ በሁለተኛው ዙር ዘረረው። በርናርድ ሆፕኪንስ ደግሞ በአንጻሩ ዝግ ያለና ለዓይን ብዙ የማይስብ ቢሆንም፣ መከላከሉ በእግር አቀማመጥና በርቀት ላይ ስለተመሠረተ በ2011 በ46 ዓመቱ፣ በ2013 ደግሞ በ48 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ለመሆን በቅቷል።

ዊተከር በሁለቱ መካከል ይገኛል። በ1984 በሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ወርቅ ባገኘበት ጊዜ የነበረው ፍጥነት በ33 ዓመቱ ከዴ ላ ሆያ ጋር ሲጋጠም አብሮት አልነበረም፤ ሆኖም ያ ረጅምና ወጣት ተጋጣሚ ብዙ ጊዜ ሲስት ይታያል፣ በዘጠነኛው ዙርም እጁ ወለል ነክቶ እንደ ወደቀ ተቆጥሮበታል። ይህ በአሠልጣኙ በጆርጅ ቤንተን የተተከለበት ነገር ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ቤንተን ራሱ በመከላከል የታወቀ የፊላደልፊያ ቦክሰኛ ነበርና።

ዘጠነኛ ደረጃ፦ ነጥብ መስጠት

በመጨረሻ ፍልሚያውን እንደ ዳኛ ነጥብ ይስጡት። ዙሩን ላሸነፈ 10፣ ለተሸነፈ አብዛኛውን ጊዜ 9 ይሰጣል፤ ዳኞች የሚመዝኑባቸው ነገሮች በንጽሕና ያረፈ ቡጢ፣ ውጤት ያለው አጥቂነት፣ መድረክን መቆጣጠርና መከላከል ናቸው። «ውጤት ያለው» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ይረሳል። ወደ ፊት እየሄደ የሚስት ሰው አጥቂ ቢሆንም ውጤት የለውም፤ እንደዚሁ ቡጢ ሳያሳርፍ የሚያመልጥ ሰው በመከላከል ብቻ ዙር ሊወስድ አይገባውም። ዊተከር በ1988 ፈረንሳይ ውስጥ በሆሴ ሉዊስ ራሚሬዝ በተከፋፈለ ድምፅ ተሸንፈሃል ሲባልም፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ከቻቬዝ ጋር አቻ ሲባልም፣ ክርክሩ በእነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለ ነው። እኔ የቻቬዝን ፍልሚያ ባየሁት ቁጥር ለዊተከር እሰጣለሁ፤ ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ላይ ሰው ቢለየኝ አልከራከረውም።

ነጥብዎን ጽፈው ከጨረሱ በኋላ ብቻ የዳኞቹን ውጤት ያንብቡ። የሚቻል ከሆነ ሌላ ሰው ያንኑ ዙር በራሱ ደብተር እንዲመዘግብ ያድርጉና ፊደሎቻችሁን ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ ከዚያም የተለያያችሁባቸውን ቅጽበቶች ብቻ መልሳችሁ በዝግታ እዩ። አንዳንዶቹ አይፈቱም፤ ካሜራው ከአንድ ወገን ብቻ ስለሚያሳይ፣ ወይም የመድረኩ ዳኛ ጀርባ ስለሚጋርድ፣ ቡጢው በክንድ ላይ ይረፍ በጎን ላይ መለየት ያቅታል። እንዲህ ባለው ቦታ ላይ ፊደሉን ሰርዘው የጥያቄ ምልክት ያድርጉበት።